አስተካክለው ይትከሉልኝ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ቀዝቃዛ ገበያ። አንድ ሰውዬ ስለ ቧንቧ መታጠፊያ ክርን ሲጠይቀኝ ቆየ… የብረቱን፣ የፕላስቲኩን፣ የትኛው እንደሚበረክት። ሁሉንም አስረዳሁት። ሲወጣ "ጥሩ ሱቅ ነው" ብሎኝ ሄደ። ምንም ሳይገዛ። ምርቃት መሆኑ ነው።

ከሰዓት ማስታወቂያ ጻፊው ያዘዝኩትን የሱቅ ሰሌዳ አመጣ። እንጨቱ ወፍራም፣ ያልጣመመ። ጽሑፉም ደህና፦ "አባትና ልጅ፣ የአሸንዳና የቧንቧ መደብር"። ሰማያዊ በነጭ።

"ልጅቷ ተስማማች ማለት ነው?" አለኝ።

"ትስማማለች።"

"መቼ?"

"አንተ ቀለሙ መድረቁን እይ።"

ቆርቆሮው ከተደረደረበት ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። ቸኮልኩ እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሒሳብ ታጠናለች፣ የመጨረሻውን ዲግሪ። በሚቀጥለው ወር ፈታኞች ፊት ትቀርባለች። ካለፈች፣ ሌላ ከተማ ያለ የምርምር ተቋም ቦታ ይዞ እየጠበቃት ነው፤ ትሄዳለች። ካላለፈች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሷም ሱቅ ትገባለች። ይህን ያለችው ራሷ ናት፣ እራት ላይ፣ እየሳቀች። "ከወደቅኩ ያንተ ነኝ አባዬ።" እኔ አልጠየቅኳትም። አልተቃወምኩምም። በደንብ ግን ሰምቻለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ዛሬ እራት ላይ ጠየቅኳት። ስንት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቃት… "ለመሆኑ የምታጠኚው ነገር ምንድነው?"

"መስመራዊ ያልሆኑ እኩልታዎች።"

"መስመር የሳቱ?"

ባለቤቴ ሳቀች። ልጄ ግን ቁም ነገሬ ብላ ወንበሯን አስጠጋች። "አንዱን ቧንቧ በአንድ ዋጋ፣ ሁለቱን በእጥፍ፣ መቶውን በመቶ እጥፍ ብትሸጥ፣ ያ መስመራዊ ነው።"

"እንዲህ የሚሸጥ ማነው? መቶ የሚወስድ ቅናሽ ይጠይቃል። ሁለት መቶ የሚወስድ ቅናሹን ከነሻዩ ነው የሚፈልገው።"

"ያ ነው እንግዲህ መስመራዊ ያልሆነው።"

ለካ ዕድሜ ልኬን እዚያው ውስጥ ነበርኩ።

ሌላም አለች። የሷ እኩልታ ዋጋውን አይናገርም፣ ዋጋው ከዚህች ቅጽበት ወደሚቀጥለው እንዴት እንደሚለወጥ ነው የሚናገረው። ሙሉውን ታሪክ ከዚያ እያወጣህ መሥራት ያንተ ፋንታ ነው። ይህም ገባኝ። አንድም አቅራቢ የከርሞውን ዋጋ ነግሮኝ አያውቅም፤ "እየጨመረ ነው" ይልሃል እንጂ።

"በቀላሉ እኩልታ ሁለት መልስ ካለህ፣ ስትደምራቸው ሌላ መልስ ታገኛለህ" አለች። "በዚህኛው ድምሩ መልስ አይሆንም።"

"ሁለት ደህና ደንበኛ አብረው ሲመጡ አንድ ክፉ ደንበኛ ይሆናሉ። አውቀዋለሁ።"

ከዚያ ዋናው ነገሯ። ውሃ ላይ የሚሄድ አንድ ጉብታ፣ ብቸኛ ሞገድ። አንዱ ኃይል ያሾለዋል፤ አናቱ ከእግሩ እየፈጠነ ሊደፋው ይፈልጋል። ሌላው ይበትነዋል፤ ሊያሳሳውና ሊያጠፋው ይፈልጋል። ሁለቱ ልክ ሲመጣጠኑ ጉብታው አይደፋም፣ አይበተንም፣ መልኩን እንደያዘ ይነጉዳል።

"ማንም አያሸንፍም፣ አብረው ይኖራሉ" አለች።

"እንደኔና እንዳባትሽ" አለች ባለቤቴ፣ ሳህን እያነሳች።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ልጄ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ከሌላ ተቋም የተጠራ ፈታኝ አለ፤ "የውጪው" ነው የሚሉት። ጥናቷን አንብቦ፣ "ወረቀቱ ይህን ይላል፣ ውሃውስ ይስማማል?" አለ አሉ። በውሃ እንድታሳየው ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው የሞገድ ገንዳ ደግሞ ተሰንጥቆ ቆሟል።

ሰውየውን ሳላውቀው ወደድኩት። ዕቃውን ሳያይ የማይገዛ ሰው።

"አባዬ፣ አሸንዳ ትሰጠኛለህ? ባለአራት ማዕዘኑን፣ ሁለት ሙሉ፣ የሚጋጠም።"

"በችርቻሮ ነው በጅምላ?"

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። በነፃ ሆነ።

"ይሄም መስመራዊ አይደለም" አለች ልጄ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ጋሽ መዶሻን አስጠራሁት። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። በዚህ ሰፈር አሸንዳ የሚባል ነገር ሁሉ የሱ እጅ ነው። ቀልደኛ፣ ግትር፣ ሥራው ግን የማይነቀፍ።

ከሱቁ ጀርባ ግቢው ውስጥ፣ በእንጨት አግዳሚዎች ላይ፣ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ድረስ አስጠግቶ ተከለው። ሁለቱንም ጫፍ ደፈነ። መጋጠሚያው ጠብ አይልም።

ከመጀመሩ በፊት ልጄ ምን እንዳለችው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ጋሼ፣ በደንብ አስተካክለው ይትከሉልኝ።"

"ለኔ ነው የምትነግሪው? አባትሽ ሱሪ መታጠቅ ሳይማር አስተካክዬ እተክል ነበር።"

ውሸቱን ነው። እኩያሞች ነን።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ውሃ ተሞላ። ልጄ መሃል ላይ ቆማ ጥልቀቱን ለካች፣ ጻፈች። ከዚያ ጫፉ ላይ በጠፍጣፋ ጣውላ ውሃውን አንዴ ገፋች… ጉብታው ተነሳ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ደነገጥኩ። ውሃ ሲገፋ የሚረጭ፣ የሚፈስ፣ የሚያበላሽ ነገር ነው የማውቀው። ይሄ ግን ለብቻው ተነስቶ፣ ክብ ብሎ፣ ከኋላው ምንም ሳይጎትት፣ የሚሄድበትን እንደሚያውቅ ሰው ሄደ። ከጎኑ ሆኜ አብሬው ተራመድኩ። እግሬ ሳይታዘዝ።

ግን ወደ ግድግዳው ሲቃረብ ተበላሸ። ከፍ፣ ከፍ አለና ለሁለት ተከፈለ። ትልቁ ፊት፣ ትንሹ ኋላ።

ደገመችው። እንደዚያው። እንደገና። እንደዚያው።

"እኩልታው አንድ ሆኖ ይደርሳል ነው የሚለው" አለች። ለኔ አይደለም፣ ለውሃው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተሸፈነ። ቆመን በላን። ልጄ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እየፈተሸች ነው። ስህተት አላገኘችም። ብታገኝ ይሻላት ነበር መሰለኝ…

"አብስለሽ ጨርሰሽ ጨው ረስተሽ ይሆናል" አለቻት እናቷ።

"እማዬ፣ ጨው የሚባል ነገር የለውም።"

"ታዲያ ለዚህ ነዋ።"

ሳቀች። ትንሽ።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ቧንቧ ላወጣ ግቢ ገባሁ። ማንም አልነበረም። አሸንዳው ውሃ እንደያዘ ተቀምጧል፣ ውሃው ጸጥ ብሏል።

እሷ በምትገፋበት ጫፍ ውሃው አፍ አፉ ድረስ ሞልቷል። ግድግዳው ጋ ወለሉን ከመሸፈን ብዙም አያልፍም።

አዘቅዝቋል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ያው አሸንዳ ነዋ። ለጋሽ መዶሻ አሸንዳ ማስተካከል ማለት ውሃው ጠብ ሳይል እንዲወርድ ማዘቅዘቅ ማለት ነው። በዓይን የማይታይ ማዘቅዘቅ፣ እጁ ሳያስብ የሚሠራው። ለልጄ ደግሞ ትክክል ማለት እኩል ማለት ነው። ያው አንድ ቃል። እሷም መሃል ላይ ብቻ ለካች፣ መሃሉ ደግሞ አይዋሽም፣ አማካይ ነው። ሞገዱ ከጥልቁ ወደ ቀጭኑ ሲወጣ ነው እንግዲህ የሚሰበረው።

ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልኩ ፈተናው ይደርሳል። ውሃው ይክዳታል። ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሰሌዳው ከቆርቆሮው ኋላ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እኔ አልዋሸሁ፣ አልነካሁ… ነጋዴ ያየውን ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበት?

ሱቅ ተመለስኩ። ሁለት ክርን ሸጥኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ጠዋት ባለቤቴ፦ "ምነው ዝም አልክ?"

"ገበያ እያሰብኩ ነው።"

"ገበያ ስታስብ ታፏጫለህ።"

ይህች ሴት ሰላይ መሆን ነበረባት።

ከዚያ ልጄ ሳልጠራት ሱቅ መጣች። የኔን ካፖርት ለበሰች። "እስቲ ልለማመድ" አለች። አንዲት ሴትዮ ለጣሪያዋ አሸንዳ ፈለገች፤ ልጄ ስለ ጣሪያዋ ጠየቀቻት፣ አስላች፣ ሴትዮዋ ከጠየቀችው ያነሰ እንደሚበቃት ነገረቻት። ሴትዮዋ በደስታ ገዝታ፣ ጎረቤቷንም ልታመጣ ቃል ገብታ ሄደች። ጎበዝ ናት። ከኔ ትሻላለች። ሱቁ በሷ እጅ ሦስት ሱቅ ይሆን ነበር።

ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንዳለች ዋለች። ያ ፈገግታ ነው የከበደኝ። ተጨንቆ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። ንብረቱን ይዞ ይመጣል፣ ባልከው ዋጋ ይስማማል፣ ፈገግ ይላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው በርካሽ ገዝቼ አውቃለሁ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። እስካሁን።

ልጄን እንደዚያ ልግዛት?

አይሆንም። ኪሳራ ነው። በስሌት።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ከቁርስ በኋላ ግቢ ወሰድኳት።

"ጥልቀቱን እዚህ ጫፍ ላይ ለኪው።"

"መሃል ላይ ለክቼዋለሁ እኮ።"

"የመሃሉ ውሃ የጫፉን አይነግርሽም። ጫፉን ለኪው።"

ለካች። ግድግዳው ጋ ሄዳ ለካች። ማስመሪያውን አየችው። እንደገና ለካች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ መሳቅ ጀመረች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ጋሽ መዶሻ ተጠራ።

"ጋሼ፣ አስተካክለው ይትከሉ አላልኩዎትም?"

"አስተካክያለሁ። አንዲት ጠብታ አትቀርበትም።"

"እንዲቀርበት ነው የምፈልገው። ሁሉም እንዲቀር።"

"ውሃ የማይወርድበት አሸንዳ?" ወደኔ ዞረ። "እና ገንዳ ብላ አታዝም ነበር?"

ሰውየው እውነቱን ነው።

ከግድግዳው አራቅነው። ዝቅ ያለውን ጫፍ ለማንሳት ከስሩ የሚገባ ነገር አስፈለገ። "ወፍራም እንጨት የለህም? ያልጣመመ?" አለኝ ጋሽ መዶሻ።

ነበረኝ። ሱቅ ገብቼ ራሴ በመጋዝ ቆረጥኩት። ጽሑፉን ወደ ታች አድርጌ አመጣሁ። ጋሽ መዶሻ ቀለሙን አየ፣ እኔን አየ። "ጥሩ እንጨት ነው" አለ። ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ሲሆን እወደዋለሁ።

በውሃ ልክ እኩል ሆነ። ገፋች። ጉብታው ሄደ… ሄደ… ጫፉን መታ፣ ተመለሰ፣ እንደሄደ መጣ። ትንሽ ደክሞት፣ መልኩ ግን ያው። ከፍ ያለ ጉብታ ስትሠራ ደግሞ ካጭሩ ይፈጥናል፤ እኩልታው የሚለውም ይህንኑ ነው። በዚህ ዓለም ትልቁ ተሸክሞ የሚዘገይ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ቁርስ ላይ አልቀመጥ አለች። የተሰበረው ሞገድም ትክክል ነበር ትላለች። ወለሉ ሲያዘቀዝቅ እኩልታው ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ሠርታ ስታየው ለሁለት ይከፈላል ብሎ ይናገራል። የሁለቱን ቁመት ጭምር።

"ውሃው አልዋሸም፣ እኩልታውም አልዋሸም። እኔ ነኝ ያልነገርኩት" አለች።

ጋሽ መዶሻ ሰምቶ ኮራ። "እኔ እኮ አውቄ ነው" እያለ ለሰፈሩ እያወራ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ፈተናው። ወረቀቱን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ጨርሰው፣ ውሃውን ለማየት ወደኔ ግቢ መጡ። መምህሯ፣ ሌላ አንድ ፈታኝ፣ እና የውጪው። አጭር፣ ቀጭን፣ ኮቱ የሰፋው ሰው። ጋሽ መዶሻም ሳይጠራ ተገኝቷል። ባለቤቴ ሻይ አቀረበች። ሰውየው ሻዩን ትቶ አሸንዳው ላይ ተደፋ። እጅጌው ውሃ ገባ፣ አላወቀም።

ሞገዱ ሄደ፣ ተመለሰ። ሰዓት ያዙ፣ ከቁጥሯ ጋር አስተያዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመሃል አንድ ደንበኛ አንገቱን በበሩ አስገባ። "ይሄን የሚያህለው ስንት ነው?"

"ፈተና ላይ ነን" አልኩት።

"ስትጨርሱ እመጣለሁ።"

ከዚያ የውጪው ቀና አለ። "ወለሉ ቢያዘቀዝቅስ? ያኔ ምን ይሆናል?"

መምህሯ ደነገጠ። ጥያቄው ጥናቷ ውስጥ የለም። ልጄ ግን ጠመኔ አንስታ አሸንዳው ጎን ላይ ጻፈች፦ ሁለት ይሆናል፣ ትልቁ ፊት፣ ቁመቱ ይህን ያህል። "አሁን እናየዋለን" አለች። "ጋሼ፣ አባዬ፣ አንዴ ያንሱልኝ።"

እኔና ጋሽ መዶሻ ጫፉን አነሳን። ውሃው በመምህሯ ጫማ ላይ ተደፋ። እሷ እንጨቶቹን ከስር ሳበች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ረፍዷል።

አንዱን ገለበጠችው። ሰማያዊ በነጭ፦ "ልጅ"። ሌላውን አየች፦ "አባትና"።

ቆመች። እኛ አሸንዳውን ተሸክመን ቆመናል። ጋሽ መዶሻ በጉሮሮው ድምፅ አሰማ። መምህሯ "ችግር አለ?" አለ።

እኔን አየችኝ።

"የለም" አለች። እንጨቶቹን በብብቷ ይዛ፣ "አስቀምጡት" አለችን። ውሃው እስኪረጋ ጠበቅን። በአንድ እጇ ገፋች። ጉብታው ሄደ፣ ከፍ አለ፣ ለሁለት ተከፈለ። ትልቁ ፊት። የውጪው ጠመኔው ጋ ሄዶ ለካ። እርጥብ እጅጌውን አሁን ገና አየው።

"ይስማማል" አለ። "ውሃውም፣ እኔም።"

አለፈች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ግቢው ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"እንጨት።"

"ጽሑፍ አለው።"

"የሱቅ ሰሌዳ ነበር።"

"መቼ?"

"ልትወድቂ ስትይ።"

ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን ነው የያዘችው። "ማዘቅዘቁን መቼ ነው ያየኸው?"

"ሰኞ።"

"የነገርከኝ ረቡዕ ነው።"

"ማክሰኞ ገበያ ነበር።"

"ማክሰኞ ሱቅ ነበርኩ አባዬ። ገበያ አልነበረም።"

ሻጭ ብትሆን ታሸንፈኝ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። ትከሻዬን በእንጨቱ መታ አደረገችኝ። "ልጅ" በሚለው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ሸኘናት። "አባትና" የሚለውን ቁራጭ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች፤ "ልጅ" የሚለውን አሸንዳው ስር መለሰች። "ሌላው ጎን ይጎድልሃል፣ ሌላ እንጨት አስገባ" አለችኝ። አስገባሁ። በውሃ ልክ አየሁት። እኩል ነው።

ባለቤቴ እራት አቀረበች። ከዚያ፦ "ጠረጴዛው ሰፊ ነው ለካ።"

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ልጄ ደወለች። አዲሱ ቦታዋ ደህና ነው፣ አለቃዋ ብዙ ያወራል፣ በገንዳቸው ለመሥራት ግን ተራዋ ገና ነው። "አባዬ፣ ከሁለት ጫፍ ሁለት ሞገድ ልቀቅና ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ንገረኝ። እኔ አውቀዋለሁ፣ ያየኸውን ግን መስማት እፈልጋለሁ።"

ጋሽ መዶሻ ባንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። እሱ ትልቅ ሠራ፣ እኔ ትንሽ። መሃል ላይ ተገናኙ። ለአፍታ አንድ ሆኑ፣ ድምራቸው ግን አይደሉም፤ ይህን ነግራኝ ነበር። ከዚያ ወጡ። የሱ ትልቅ ወደኔ፣ የኔ ትንሽ ወደሱ፣ መልካቸው ሳይጎድል።

"ተላለፉ ወይስ ተላትመው ተመለሱ?" አለ ጋሽ መዶሻ።

"ትልቁ እኔ ጋ ደርሷል።"

"እንግዲያው ተላለፉ።"

በስልክ ነገርኳት። "ትንሽ ዘግይተው አልደረሱም?" አለች። "ባይገናኙ ከሚደርሱበት?" ለዓይን አይታይም አልኳት። "ይታያል፣ ሲለካ። የተገናኙበት ምልክት እሱ ብቻ ነው።"

ስልኩን ዘጋሁ። እኔስ፣ እሷ ባትኖር፣ የት እደርስ ነበር?

ሱቅ ስመለስ ማስታወቂያ ጻፊው ቆሟል። ሳላውቀው እያፏጨሁ ገባሁ።

"ሰሌዳዬን በሩ ላይ አጣሁት። አልሰቀልከውም?"

"አልሰቀልኩትም። ግማሹ ግቢ ውስጥ ውሃ ተሸክሟል፣ ግማሹ ሌላ ከተማ ሄዷል።"

አየኝ። ስለ ጤንነቴ ሊጠይቅ ፈልጎ ተወው። "ሌላ ልሥራልህ? ምን ልበል?"

አሰብኩ። "አሸንዳ፣ ቧንቧ፣ ሞገድ።"

"ሞገድ?" ብዕሩን አነሳ። "እና አንድ ሰው ገብቶ ሞገድ ስንት ነው ቢልህስ?"

"አንዱ ዋጋ አለው" አልኩት። "ሁለት የፈለገ እንደሆነ ግን እጥፍ አይሆንም።"